ፊት አትንሱ፦ በጣና ዳር ሰው ለምትሥሉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ሆናችሁ ሰው መሣል ለጀመራችሁ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ሥራቸውን ጠቅልለው ቤቴ ድረስ አምጥተው አሳይተውኛል። ያኔ የነገርኳችሁ ጥቂት ነው፤ ቡና እየጠጡ ስለ አንድ ሸራ ማውራት ለትልቁ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ።

እጃችሁ ጥሩ ነው። ይህን ለማጽናናት አልልም። መስመራችሁ ይታዘዛል፣ ቀለም መደባለቁን ለምዳችኋል፣ እኛ በእናንተ ዕድሜ በስም ብቻ የምናውቃቸውን ሠዓልያን ሥራ እናንተ በስልካችሁ አቅርባችሁ የብሩሻቸውን አካሄድ ሳይቀር ታያላችሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከምታመጡልኝ ሥዕሎች በአብዛኞቹ ላይ ሰው አለ፤ ያ ሰው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጀበና ይዛ የተቀመጠች ሴት አለች፤ ሹሩባው፣ ጥለቱ፣ የአንገት መስቀሉ አንድም አልጎደለም። በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለ፤ ፀሐይ ከኋላው ትጠልቃለች፣ እሱ ጠቁሮ ጥላ ብቻ ሆኗል። ዱላውን በትከሻው አጋድሞ እጆቹን የሰቀለ ገበሬ አለ። ሴትዮዋ የማን እናት ናት? ቀዛፊውን ዛሬ ምን አስከፋው? ገበሬው ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ይሰብራል ወይስ ቀና ብሎ ያያል? ይህን ሥዕሉ አይነግረኝም። ሠዓሊውን ብጠይቀውም አያውቅም፤ ከፎቶ ላይ ነው የወሰደው፣ ፎቶውንም ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ሰውን መሣል ሰው ማን እንደሆነ የመጠየቂያ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሜዬን የሰጠሁትም ለዚህ ነው። ዛሬ ዛሬ አንድ ሰው ማን ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ወገኑ ነው፣ ቀጥሎ ሃይማኖቱ፣ ቀጥሎ ሥራው። መልሱ ሲሟላ ሰውየውን ያወቅነው ይመስለናል። ፊታችን ለሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ግን ከእነዚህ መልሶች ሁሉ ይተርፋል። አንዱ ቅንድቡ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ስለ ልጁ ሲያወራ አገጩ ይላላል፤ ከሚያወራው ቁምነገር ጋር የማይሄድ ፈገግታ አለው። የሠዓሊ ሥራ ያ የሚተርፈው ነው።

ከቤታችን እንጀምር። በጀልባ ተሻግራችሁ ዘጌ ስትወርዱ፣ የቡናውን ጫካ አቋርጣችሁ ትንሽ ከተራመዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ ለንግሥ ወይም ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳችኋል፤ አሁን ደግሞ እንደ ሠዓሊ ሂዱ። ሕንፃው ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ቅድስቱ ውስጥ ስትቆሙ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ቀለሙ ያማልላችኋል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ ዓይኖቹን ተከተሉ። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እናንተ አዙረዋል፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ጌታን የሚገርፉት፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩት፣ አጋንንቱ፣ በጎን ተሥለዋል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ለዘመናት የጠበቁት ሥርዓት ይህ ነው። በዚያ ሥርዓት ሙሉ ፊት የሚሰጠው ለሚገባው ነበር፤ ሠዓሊው ብሩሹን ሲያነሣ ፍርድም እየሰጠ ነበር።

ቅዱሳኑ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚለዩት በምልክታቸው ነው። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ተክለ ሃይማኖት በተቆረጠ እግራቸውና በክንፋቸው፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶቹና በነብሮቹ። ፊታቸውን ብትሸፍኑት እንኳ ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እዚያ ይህ ልክ ነው። ምእመኑ ሥዕሉ ፊት የሚቆመው ሊጸልይ ነው፤ ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ወዲያው ማወቅ አለበት፣ ገድሉንም ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገ ነው። ችግር የሚመጣው እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ወጥተን ጎረቤቶቻችንን ስንሥል ያንኑ አሠራር ይዘን ስንወጣ ነው። ጀበናው ምልክት ይሆናል፣ ታንኳው ምልክት ይሆናል። ጎረቤታችን ግን የሚነበብለት ገድል የለውም። ጀበናውን ከእጇ ብትወስዱባት ሴትዮዋ ላይ ምን ይቀራል? የራሳችሁን ሥዕል በዚህ ፈትኑት፤ ዕቃውንና ልብሱን በወረቀት ሸፍኑና የቀረውን እዩ።

ከኡራ ራቅ ብላ ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠሯት። እዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከተሣለችበት ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ ታያላችሁ፤ እቴጌይቱ ራሳቸው ናቸው። ሀገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በዚያች ሥዕል ግን የክብር ልብሳቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ወድቀው ለመታየት መረጡ። ልብሱ እቴጌ መሆናቸውን ይናገራል፣ አወዳደቁ ደግሞ በእመቤታችን ፊት ምን እንደሆኑ። አንድ ሰው ማን ነኝ ሲል ሁለት መልስ በአንድ ጊዜ ሊኖረው እንደሚችል ከዚያች ምስል በላይ ያስተማረኝ የለም። አንዱን ስትሥሉ ሌላውን አትሰርዙ። ነጋዴዋ በመደብሯ ውስጥ የምትፈራና የምትከበር ልትሆን ትችላለች፤ እናቷ በር ላይ ሲደርሱ ግን ትከሻዋ ይለወጣል። ያን የትከሻ ለውጥ ማየት የቻለ ሠዓሊ ከሁለት ወንበርና ከአንድ ጀበና የበለጠ ይነግረናል።

አብዛኞቹ የድሮ ሠዓልያን ስማቸውን አልተዉልንም። ፍሬ ጽዮን ግን ትቶልናል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የሠራው ሥዕል ስሙ ተጽፎበት በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ ሴቶች ልጆቼ የእሱን ሥራ በመጽሐፍ ፈልጋችሁ ተመልከቱት። ኡራና ናርጋ ለሁላችሁም ክፍት ናቸው።

እንግዲህ ከደሴቶቹ ስትመለሱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ። በእኛ ከተማ ሙሉ ፊት ያገኘው ማን ነው? በየሆቴሉ ግድግዳ፣ በየሥዕል መሸጫው ታንኳ አለ። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ የሚያደርገው የነገደ ወይጦ ሰው ፊቱ የት አለ? እነዚህ ሰዎች ከአስፋልቱና ከሆቴሎቹ በፊት በዚህ ዳርቻ የኖሩ ናቸው። ለረጅም ዘመን ጎረቤት ፊት ነሥቷቸዋል፤ አብሮ መብላት፣ መጋባት ቀርቶባቸው ኖረዋል። ሠዓሊው መጥቶ ደግሞ ከጀርባቸው ሆኖ፣ በፀሐይ መጥለቂያ፣ ጥላ አድርጎ ሣላቸው። ክፋት አስቦ አይደለም፣ ብርሃኑ አምሮት ነው። ሆኖም ጎረቤት ያደረገውን እሱም በቀለም ደገመው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ዝምም ልለው አልችልም።

ሂዱና ተዋወቋቸው። ካሜራ ሳትይዙ ሂዱ። ደንገሉ የሚታጨድበትን ጊዜ፣ የሚታሰርበትን መንገድ፣ አንድ ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ከመክበዱ በፊት ምን ያህል እንደሚያገለግል ጠይቁ፤ ባለሙያ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ፊቱ እንዴት እንደሚከፈት ታያላችሁ። አሳዛኝ አድርጋችሁ አትሣሏቸው። ድህነትን ብቻ የሚያሳይ ሥዕልም ምልክት ነው፤ ጀበናውን በተቀደደ ልብስ መተካት ነው። እንዲሣል የማይፈልግ ካለ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አመስግናችሁ ተነሡ። ፊቱ የእሱ ነው።

ፊት መስጠት ምን እንደሆነ ለማየት የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ሥራዎች ፈልጉ። ወልዲያ ተወልደው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሚሥሏቸው በየመንገዱ ዳር አትክልትና እህል የሚሸጡ ሴቶችን ነው። ሁልጊዜ አጎንብሰው ዋጋ ሲነግሩን የምናውቃቸው ሴቶች በእሳቸው ሸራ ላይ ረጃጅም ሆነው፣ ቀጥ ብለው፣ የሕንፃ ዓምድ መስለው ቆመዋል። አጠገባቸው ያለው ሸቀጥ ትንሽ ነው፤ ቦታውን የያዙት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

ሰውን በአካል አስቀምጡ። ይህን ስል ብዙዎቻችሁን የሚያስቸግራችሁ እፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። የማያውቁትን ሰው ልሣልዎት ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከዘመድ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት፣ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ሁልጊዜ ሽንኩርት የምትገዟቸውን እናት ጠይቁ። "እማማ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልሣልዎት" በሏቸው። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ "እኔ ምን መልክ አለኝና ልጄ! ይልቅ እሷን ሣላት" ብለው ወደ ልጃቸው ወይም ወደ ጎረቤታቸው ይጠቁማሉ። ይህን መልስ እንደ ትሕትና ብቻ ቆጥራችሁ አትለፉት። ሰው መልክ የለኝም ሲል ስለ ራሱ ምን ሲባል እንደኖረ እየነገራችሁ ነው።

እሺ ካሉ ለጊዜያቸው ክፈሉ፤ ገንዘብ አልቀበልም ካሉ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባ ያለው ወንበር ስጧቸው፤ በየ20 ደቂቃው አሳርፏቸው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ፎቶ ቤት የገባ ያህል ፊቱን ያጠብቃል፣ አንገቱን ያቀናል። ያንን ፊት አትሥሉት። እጆቹን ሣሉ፤ የዓሣ አስጋሪውን የመረብ ገመድ የፈገፈገው ጣት፣ ምጣድ ላይ ዕድሜዋን የጨረሰችውን እናት አውራ ጣት። እናንተ እጁ ላይ ስታቀረቅሩ ሰውየው መታየቱን ይረሳል፣ ፊቱም ወደ ራሱ ይመለሳል። ያኔ ቀና በሉ።

አንዲት ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት አንገታቸውን ይዞራል። ሥዕላቸው ሲያልቅ ወስጄ ፊታቸው አቆምኩት። ብዙ ዝም ብለው አዩትና "ይቺማ እናቴ ናት" አሉ። እናታቸው ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ አንድም ፎቶ አልነበራቸውም። ከከንፈሩ ዳር ያለችውን መታጠፊያ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ እናታቸው ሊቆጡ ሲሉ እንዲህ ያደርጓት እንደነበር ነገሩኝ። ንቅሳቱን ሲነቀሱ ጭንቅላታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የያዟቸው እኚያው እናታቸው እንደነበሩም ያኔ አጫወቱኝ። እኔ የሣልኩት አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸው ሸራው ላይ ያገኙት ሁለት ነው። ያቺ መታጠፊያ የምትመጣው ሲያወሩ ብቻ ነበር። ከፎቶ የሠራ ሰው አያገኛትም።

ንቅሳትን ካነሣሁ አይቀር፣ ቆዳ ላይ መስመር አታስምሩ። ቀለሙ ያለው ከቆዳው ሥር ነው፤ በዕድሜ ብዛትም ጠርዙ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ሰማያዊ ያዘለውን አረንጓዴ አኑሩ፤ ሲደርቅ የቆዳውን ቀለም በስሱ አልብሱት።

ስለ ቆዳ ቀለም ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ማንነት የሚካድበት ዋናው ቦታ እዚህ ነው። በቱቦ ተዘጋጅቶ የቆዳ ቀለም ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ለሌላ ሕዝብ ቆዳ ታስቦ የተሠራ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ አትግዙት። ከዚያም የሚብሰው ደግሞ አንድ ቡናማ ወስዶ ለብርሃኑ ነጭ፣ ለጥላው ጥቁር መጨመር ነው። ነጩ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፣ ጥቁሩ ደሙን ያደርቀዋል። ጥላውን በርንት አምበር ከሚባለው ጥቁር ቡናማና ከአልትራማሪን ሰማያዊ ሥሩት፤ ሞቅ እንዲል ካስፈለገ አሊዛሪን ቀይ ጨምሩበት። ብርሃን ያረፈበትን በርንት ሲየና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማና ኦከር ከሚባለው የአፈር ቢጫ ጀምሩ። ፊት ሁሉ አንድ ቀለም አይደለም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ይቀላሉ፣ አገጭና መንጋጋ ቀዝቀዝ ይላሉ። ጠይም ሴትን ከቀይ ዳማዋ የሚለያት የቡናማው ብዛት ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሦስቱ ቦታዎች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ነው።

የጠቆረ ቆዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ነጥብ ነጭ አይደለም። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከሰማዩ የመጣ ሰማያዊ ነው። እኛ ጣና ዳር ያለን ደግሞ ሌላ ሀብት አለን። ረፋድ ላይ አንድ ሰው ውሃው አጠገብ ሲቆም ከሐይቁ የሚመለሰው ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ይመጣል፤ መንጋጋው ሥር፣ የቅንድቡ ሆድ፣ የአፍንጫው ግርጌ ያበራሉ። ሌላ ከተማ ጥላ የሚሆነው ቦታ እዚህ በቀለም ይሞላል። ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይኖቹን በቅንድቡ ጥላ ትውጣቸዋለች። በዚያ ሰዓት ማንንም አታስቀምጡ፤ ዓይን የሌለው ሥዕል ይዛችሁ ትነሣላችሁ።

ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የሥዕል መጻሕፍት ሁሉ የሰሜን መስኮት ይመክሯችኋል፤ ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት ነው በሚል። ምክሩ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። በእነዚያ ወራት ደመና ካልሸፈናት ፀሐይዋ በሰሜን መስኮታችሁ ትገባለች፤ ሐይቁን ለሚያዩ ቤቶች ደግሞ ነጸብራቁም ይጨመራል። ስስ ነጭ ሻሽ ዘርጉበት፤ ይበቃል።

ጥቁር ቀለም አትንኩ ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ኬሪ ጄምስ ማርሻል ሰዎቹን የሚሥለው በጥቁር ነው። ግን የእሱ ጥቁር አንድ አይደለም፤ ከአጥንት፣ ከካርቦንና ከብረት የሚገኙ የተለያዩ ጥቁሮችን ይዞ በሰማያዊና በሌሎች ቀለሞች እየለዋወጠ ከጥቁር ላይ ጥቁር ያወጣል። ታስቦበት የተደረገ ነው። ቀለሙ የመጣው የሰዎቹን ጥቁረት በሙሉ ክብር ለማሳየት ነው።

ይህን ያልኩት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ደንበኛ መጥቶ "ትንሽ ቀላ አድርጋት" ሲላችሁ እምቢ በሉ። ሙሽራ ይላችኋል፣ እናት ስለ ልጇ ትላችኋለች፣ አንዳንዴ ተሣዩዋ ራሷ ትላለች። በትሕትና፣ ግን እምቢ በሉ። ጥቁረትን እንደ ጉድለት የምታርም ብሩሽ ለዚያች ልጅ ስለ ራሷ የምትነግራት ነገር አለ፤ ሥዕሉም ዕድሜ ልኳን ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ይደግምላታል። ገንዘቡ ይቅርባችሁ።

የብዙዎቻችሁ እንጀራ የሟች ሥዕል እንደሆነ አውቃለሁ። ቤተሰብ የመታወቂያ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ለሙት ዓመቱ አድርሱልን ይላል። እናንተም ፎቶውን በካሬ ሰንጥቃችሁ አሳድጋችሁ ታስረክባላችሁ። ይህን ሥራ አልንቅም፤ ሠዓሊ ለሰው ሊያደርገው ከሚችለው ትልቁ ነው እላለሁ። ስለዚህም በፎቶው ብቻ እንዲያልቅ አልፈልግም። መታወቂያው ላይ ያለው ሰው መሥሪያ ቤት ስላዘዘው ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራ ያየ ሰው ነው። ልጆቹ ያጡት አባት ሌላ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ጠይቁ። ጋቢውን በየትኛው ትከሻ ነበር የሚጥለው? ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር? ሰው ሲያወራው ወደየት ያይ ነበር? አንዷ ልጅ ትመልሳለች፣ ወንድሟ "ኧረ እንዲያ አልነበረም" ይላል፣ እናትየው ሁለቱንም ያርማሉ፤ በመካከሉ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እዚያ ክርክር ውስጥ ቁጭ በሉ። የአጥንቱን ልክ ከፎቶው ውሰዱ፤ የቀረውን ከእነሱ። በሕይወቱ ያልለበሰውን ኮት አልብሰው ካሏችሁ ግን አልብሱት፤ ሰው ሊታወስበት የሚፈልገውን ልብስ መምረጥ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመንም የነበረ ነው።

ከስልክ ፎቶ መሥራት ግድ ሲሆንባችሁ ይህን እወቁ። ስልኩ ፊት ሲቀርብ አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያርቃል። የጠቆረ ፊት ሲያይ ብዙውን ጊዜ ብርሃኑን ራሱ ይጨምርና ቆዳውን ያፈዝዘዋል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና አንሱ፤ ቀለሙን ደግሞ ሰውየው አጠገባችሁ እያለ በብሩሽ ወረቀት ላይ ያዙት።

ራሳችሁን ሣሉ፤ በመስታወት። ኔዘርላንዳዊው ሬምብራንት (1606–1669 እ.ኤ.አ.) ከወጣትነቱ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ራሱን እየደጋገመ ሥሏል፤ በቀለም የሠራቸው ብቻ ወደ 40 ይጠጋሉ። ወጣቱ ሬምብራንት ኮፍያና ልብስ እየቀያየረ ራሱን ይሞክራል፤ ሽማግሌው የተነፋ ዓይኑንና የላላ ጉንጩን ሳይደብቅ ያሳየናል። የእኛው አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለ ቀለም መስታወት የአንድ አህጉርን ተጋድሎ ሣሉ፤ ያው ሰው መስታወት ፊት ቆመው የራሳቸውን አንድ ፊት ሣሉ። አህጉር መሣል የሚያምራችሁ አላችሁ፤ ደስ ይለኛል። መስታወቱ ፊት ግን አስቀድማችሁ ቁሙ። ሌላውን ሰው ሁለት ሰዓት አፍጥጣችሁ ለማየት ፈቃድ ስትጠይቁ፣ መታየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በራሳችሁ ፊት ያወቃችሁት ይሁን። በየዓመቱ በልደታችሁ ሰሞን አንዳንድ ሣሉና ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለማንም ማሳየት የለባችሁም።

አንዳንዶቻችሁ ሰው መሣል ጊዜው አልፎበታል፣ ዘመናዊ ሥዕል ረቂቅ ነው፣ የሰውም የዕቃም መልክ አይይዝም ስትሉ እሰማለሁ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ በረቂቅ ሥዕላቸው የሀገሩን የሥዕል ክርክር ያስነሡ ሰው ናቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. "ጎልጎታ"ን ሲሠሩ ግን ቀይ ውስጥ የተሰቀለ ሰው ነው ያቆሙት። መንገዱ አንድ አይደለም፤ እንግሊዛዊቷ ሊኔት ያዶም ቦአኬ ደግሞ ማንንም ሳታስቀምጥ በሐሳቧ የፈጠረቻቸውን ጥቁር ሰዎች ትሥላለች፣ ከሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ግን የምታውቋቸው ይመስላችኋል። እሷ ዘንድ ለመድረስ ግን ብዙ እውነተኛ ፊት በእጅ ማለፍ አለበት።

ለገበያ የሚሆን ሥዕል መሥራት ነውር አይደለም። ጎብኚው ታንኳና ጀበና ከፈለገ ሥሩለት፣ ቤት ኪራይ ክፈሉበት። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ግድግዳ ላይ የሚቆይ፣ የማይቸኩል አንድ የሰው ሥዕል ይኑራችሁ፤ ሰውየው ሲመቸው የሚመጣበት፣ እናንተም የማትሸጡት።

ከመጨረሳችሁ በፊት የተሣለው ሰው ይየው። አይመስለኝም ካለ ተከራከሩት፣ እሱም ይከራከራችሁ፤ የት ጋ እንደማይመስለው በጣቱ ያሳያችሁ። ከሸራው ጀርባ ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ቦታውን ጻፉ። ከፈቀደም የእሱን ሙሉ ስም ከእናንተ ስም በላይ ጻፉ። "አንዲት የገበያ ሴት" ብላችሁ አትጻፉ፤ ስም አላቸው፣ ጠይቋቸው።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት እሑዶች ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ። የሣላችሁት ሰው መምጣት የሚፈልግ ከሆነም አብራችሁ አምጡት፤ ወንበርም ቡናም አለ፣ ስለ ሥዕሉ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።